ፀሐይ ብቻዋን ወፍጮ አታዞርም

የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ! የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ! ይህን መፈክር ለቱሪስት ያዘጋጀው ሰው ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥፋቱ መፈክሩን ከፖስት ካርድ ላይ አንሥተው ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከመማሪያ ክፍል ወደ ጥናት ወረቀት፣ ከጥናት ወረቀት ወደ ስብሰባ አዳራሽ ያስገቡት ሰዎች ነው። ዛሬ ስለ ኃይል ምንጭ የሚናገር ሁሉ አፉን የሚያሟሸው በፀሐይ ነው። «ፀሐይ አለን» ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ይወርዳል። አዎ፣ አለን። ታዲያስ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ አይደል እንዴ?

እኛ የምንለው አጭር ነው። ፀሐይ የሞተር ግማሽ ናት። ሌላው ግማሽ ብርድ ነው። ብርዱን የረሳ የፀሐይ ሞተር ቁልቁለት የሌለው የውሃ ወፍጮ ነው። በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆዱ እየዞረ ስለሚሠራ የፀሐይ ሞተር ሲነሣ፣ ነገሩ የሚቆረጠው በትኩሱ ጫፍ ሳይሆን በቀዝቃዛው ጫፍ ነው። ይህንን የማያነሣ ተናጋሪ፣ ዲግሪው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ስለ ሞተሩ ግማሽ ብቻ ነው የሚነግረን።

«በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ሞተር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይግባው እንጂ! ስህተቱ የተጀመረው ከቃላት ነውና። በቋንቋችን ዕድል የቀናው ሰው «ፀሐይ ወጣለት» ይባላል፤ የምንወደውን «የኔ ፀሐይ» እንላለን። ብርድ ግን መቼም ተመስግኖ አያውቅም። ብርድ ይመታል፤ ብርድ ይገባል፤ ብርድ ይገድላል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ ውርጩን እንደ ነውር ሸፋፍኖ ያልፋል። ገጣሚዎቻችን ለፀሐይ ብዙ ቀለም ጨርሰዋል፤ ለብርድ የቀረለት እሮሮ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ ያደገ መሐንዲስ ብርድን ከሀብት ቆጥሮ መዝገቡ ላይ አለማስፈሩ ምን ያስደንቃል?

እስቲ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙቀትን ወደ ጉልበት የሚለውጥ እንዲህ ያለ ሞተር በሆዱ የሚዞር አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ይህ ነገር ሙቀት ተቀብሎ ያብጣል፤ አብጦ ተርባይን ይገፋል፤ ገፍቶ ሲደክም እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ቀዝቅዞ እንደገና በግፊት ወደ ምድጃው ይመለሳል። ይህን ነገር እኛ ሠራተኛው ፈሳሽ እንለዋለን። በባቡርም በኃይል ማመንጫም ለረጅም ዘመን ሠራተኛው ውሃ ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሹማን በ1913 ካይሮ አጠገብ በማዓዲ እንደ ገንዳ የጎበጡ ረጃጅም መስታወቶች ዘርግቶ በፀሐይ ያፈላው ውሃ ነው፤ በእንፋሎቱም ለእርሻ የሚሆን የአባይን ውሃ ስቧል። በዓመቱ የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ሥራውም እንደተበተነ ቀረ።

ውሃ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ግን የሚወደው ኃይለኛ እሳት ነው። ፀሐይን ያለ ትልቅ ወጪ ስንሰበስብ የምናገኘው ግን መካከለኛ ሙቀት ነው። በመካከለኛ ሙቀት የውሃ እንፋሎት ስስ ይሆናል፤ ስሱን እንፋሎት ለማስተናገድ ደግሞ ግዙፍ ተርባይን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላ ሠራተኛ ተፈለገ። ከተፈለጉት አንዱ በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ክዳኑ ሲከፈት እየተፍለቀለቀ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

የዚህ ጋዝ ጠባይ ከታወቀ ቆይቷል። የቤልፋስቱ ቶማስ አንድሩስ በ1869 ባቀረበው ጥናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስከሆነ ድረስ የቱንም ያህል ቢጨመቅ ወደ ፈሳሽነት እንደማይለወጥ አሳየ። ከ31 በታች ግን በቂ ግፊት ካገኘ ይፈሳል፤ በ20 ዲግሪ 57 ባር ያህል ይበቃዋል። በ31 ዲግሪና በ74 ባር ገደማ ላይ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል። ወሳኝ ነጥብ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ ነጥብ በላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ጋዝ በየቀዳዳው የሚሹለከለክ፣ ክብደቱ ግን ወደ ፈሳሽ የሚጠጋ ፍጡር ነው። ክብደት ስላለው ተርባይኑ ትንሽ ይሆናል። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ለ10 ሜጋዋት የተሠራው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ተርባይን የቢሮ ጠረጴዛ የሚያህል ነው።

እስከዚህ ያለውን ተናጋሪው ሁሉ ያውቀዋል፤ በስላይድም ያሳየናል። የሚዘለለው የሚቀጥለው ነው።

ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የሙቀትን ጉልበት ከፏፏቴ ጋር አስተያይቶ ነበር። ውሃ ጉልበት የሚሰጠው ብዙ ስለሆነ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ጣናን የሚያህል ውሃ ቢተኛ አንዲት የወፍጮ ድንጋይ አያዞርም። ጢስ ዐባይ ላይ ሲደርስ ግን ያንጎደጉዳል። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ጉልበት የሚሰጠው ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ ሲወርድ ነው። የቁልቁለቱ ርዝመት የሚለካው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ነው።

ቁጥር እንጥራ። ፀሐይ ሰብሳቢያችን 180 ዲግሪ ደረሰልን እንበል። የማቀዝቀዣው ጫፍ 40 ዲግሪ ቢሆን፣ በካርኖ ሕግ መሠረት የትኛውም ሞተር፣ በሰማይ መላእክት ቢሠራ እንኳ፣ ከተቀበለው ሙቀት ከ31 በመቶ በላይ ወደ ጉልበት ሊለውጥ አይችልም። የማቀዝቀዣው ጫፍ 15 ዲግሪ ቢሆን ግን ጣሪያው ወደ 36 በመቶ ከፍ ይላል። እውነተኛ ሞተር ከዚህ ጣሪያ ብዙ ዝቅ ብሎ እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ግን ዝቅ የሚሉት ከየጣሪያቸው ነው። ይህንኑ ጥቅም ብርዱን ትተን በፀሐይ በኩል ልናገኘው ብንፈልግስ? ሰብሳቢውን ከ180 ወደ 219 ዲግሪ ማድረስ ሊኖርብን ነው። ከታች 25 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ከላይ 39 ዲግሪ ማሞቅን ያህላል ማለት ነው። ማሞቁ መስታወት ይጠይቃል፤ መስታወቱ ዶላር ይጠይቃል፤ ሰብሳቢው በጋለ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይረጫል። ደጋው የሚሰጠው ብርድ ግን ቀረጥ የለበትም።

ይህ ለማንኛውም ሠራተኛ ፈሳሽ ይሠራል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከዚህም ይብሳል። ያቺ 31 ዲግሪ አለቻና! ተርባይኑን ገፍቶ የደከመው ጋዝ ከ31 በታች መቀዝቀዝ ከቻለ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ፈሳሽ ከሆነ ወደ ከፍተኛው ግፊት ለመመለስ ፓምፕ ይበቃዋል፤ ፓምፑ የሚበላው ጉልበት ጋዝ የሚጨምቅ ኮምፕረሰር ከሚበላው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ከ31 በታች መውረድ ካልቻለ ግን ጋዝ እንደሆነ ይቀራል፤ ጋዝን መጨመቅ ደግሞ የጌታ ሥራ ነው። በተለመደው በአየር በሚሠራ ጋዝ ተርባይን፣ ተርባይኑ ካመረተው ጉልበት ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ኮምፕረሰሩ መልሶ ይበላዋል። ሞተሩ እኩል አራሽ ሆነ ማለት ነው፤ ካመረተው ግማሹን ለባለርስቱ እየገበረ ይኖራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወሳኙ ነጥብ አጠገብ ሲጨመቅ ግብሩ ይቀልለታል። ከነጥቡ እየራቀና እየሞቀ በሄደ ቁጥር ግን ወደ እኩል አራሽነቱ ይመለሳል።

እንግዲህ ሁለት ቦታ እናነጻጽር። ዳሎል ፀሐይ ለጉድ ነው፤ ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። በመፈክሩ ሕግ ከሄድን የፀሐይ ሞተር መናኸሪያ መሆን ያለባት ዳሎል ናት። ነገር ግን አየሩ ራሱ ከ31 በላይ በሆነበት ሰዓት በዚያ አየር የሚቀዘቅዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በምንም ዓይነት ፈሳሽ አይሆንም። አሁን ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን እንውጣ። ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነባት ከተማ ናት። አየሩ 10 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ጋዙን በ20 ዲግሪ ማፍሰስ ይቻላል። አንዲት ጠብታ ውሃ ሳናተን፣ በአየር ብቻ! ብርሃን በስሟ፣ ብርድ በገላዋ ያለችው ከተማ ሁለቱንም የሞተር ግማሾች ይዛ ተቀምጣለች። የሚያያት የለም እንጂ።

ለምን አልታየችም? እዚህ ላይ ኂሳችንን በግልጽ እንሰንዝር።

በዘርፉ የሚጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች አገላብጠን አይተናል። የአንዱን ርእስ ብትሸፍነው ከሌላው አትለየውም። ሁሉም ዘንድ አንድ ቁጥር አለች፤ 32 ዲግሪ። ሠራተኛው ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚገባው በ32 ዲግሪ ነው ይላሉ። ከየት መጣች? አይጠየቅም። ጠያቂ ከተገኘ ግን መልሱ ሩቅ አይደለም። ቫክላቭ ዶስታል በ2004 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሠራው ሰፊ ጥናት የተጠቀመባት ቁጥር ናት። ጥናቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሰውየው እጅ ይባረክ። ነገር ግን ጥናቱ ለፀሐይ አይደለም፤ ለኒዩክሌር ማብላያ ነው። የጋዙ ሙቀትም 550 ዲግሪ ነው። ከወሳኙ ነጥብ አንዲት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ መቆም ለዚያ ሞተር፣ ለዚያ ማቀዝቀዣ ትክክል ነበር። እኛ ግን ምን ቆርጦን ነው በ12 ዲግሪ አየር ውስጥ፣ ሹራብ ደርበን፣ እጃችንን እያሻሸን፣ 32 ብለን የምንጽፈው?

ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል እንኳ መንገዱ ከተጠረገ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣሊያናዊው ጃንፍራንኮ አንጄሊኖ በ1968 ያሳተመው ጥናት የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ ጋዙን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ በመመለስ ስለሚሠራ ዑደት። ብዙ አገር ይህን መንገድ የሚያልፈው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነገር ስለማያገኝ ነው። ያጡት ሰዎች ቢተዉት ያስኬዳል። ያለን ሰዎች እነሱ ስለተዉት ብቻ መተዋችን ግን ኩረጃ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ቁጥር መኮረጅ ደግሞ ግጥም ከመኮረጅ የከፋ ነው። የተኮረጀ ግጥም አንባቢን ያሰለቻል፤ የተኮረጀ ቁጥር የድሀ አገር ገንዘብ ይበላል።

ሁለተኛው ኂሳችን «በመቶ» በሚባለው ጣዖት ላይ ነው። ስንት በመቶ? ስንት በመቶ? ብቻ! በጃፓን ኪዮቶ የዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አየር በወጣላቸው የመስታወት ቱቦዎች ፀሐይን ሰብስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድን በማሞቅ ያደረጉት ሙከራ በ2006 ታትሞ ወጥቷል። 25 በመቶ ኃይል፣ 65 በመቶ ሙቀት የሚሉት ቁጥሮች በየወረቀቱ ይጠቀሳሉ። ጠቃሚ ሥራ ነው። ነገር ግን በሙከራው በተርባይኑ ቦታ የተቀመጠው ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ነበር፤ 25 የምትለዋም ቁጥር ከተለካው ሙቀትና ግፊት ተነሥቶ የተገመተች ናት። ተመራማሪዎቹ አልዋሹም፤ ግምት መሆኑን ተናግረዋል። የሚዋሸው «ግምት» የሚለውን ቃል ቆርጦ ቁጥሯን ብቻ ይዞ የሚሮጠው ነው። የሳን አንቶኒዮውም ሞተር እንዲሁ በየስብሰባው «የፀሐይ» እየተባለ ይወራል። በ2024 ወደ መሥመር የላከው 4 ሜጋዋት ግን የተገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ እሳት ነው፤ በ500 ዲግሪ፣ በደቂቃ 27,000 ዙር እየዞረ። ነገ ለፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ግን የፀሐይ አልነበረም። እውነቱን መናገር ሞተሩን አያሳንሰውም።

አሁን ደግሞ ከወዲያ በኩል የሚመጡትን ተቃዋሚዎች እንስማ።

አንደኛው «ይህ ጋዝ እኮ ዓለምን እያሞቀ ያለው መርዝ ነው፤ እንዴት ሠራተኛ ይሆናል?» ይላል። ወንድማችን ሆይ፣ ዓለምን የሚያሞቀው በየቀኑ ከጭስ ማውጫና ከቧንቧ በብዙ ሚሊዮን ቶን የሚለቀቀው ነው። በትንሽ ሞተር ሆድ ውስጥ ተዘግቶ የሚዞረው ግን በኪሎ የሚቆጠር ነው፤ ቢያመልጥ እንኳ ካመለጠ ፍሪጅ ጋዝ ይሻላል። አር 134ኤ የሚባለው የፍሪጅ ጋዝ በክብደት ሲተያይ የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ነው። መንግሥታት በ2016 ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው። ይህን ስንል ግን ጋዙ የዋህ ነው ማለታችን አይደለም። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል፤ ዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ ያፍናል። ካሜሩን ውስጥ የኒዮስ ሐይቅ በነሐሴ 1986 በአንድ ሌሊት የተፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,700 በላይ ሰው ጨርሷል። ስለዚህ ሞተሩ ምድር ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ የተቀመጠበትም ክፍል ከታች በኩል አየር ማስወጫ ይኑረው። ይህ የሞያ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው «ግፊቱን አንችለውም» ይላል። እንዴ! በየሕንፃው መተላለፊያ የተሰቀለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ በ20 ዲግሪ በሆዱ 57 ባር ይዞ የሚውል አይደለም? የመርካቶ ብየዳ ሠራተኛ በየቀኑ የሚያንከባልለው የኦክስጅን ሲሊንደር ሲሞላ ከ100 ባር በላይ የሚይዝ አይደለም? ቧንቧውና ጋኑ አያስፈራንም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ትንሿ ተርባይን። በአሜሪካ የሳንዲያ ቤተ ሙከራ የተፈተኑት አነስተኛ ተርባይኖች በደቂቃ እስከ 75,000 ዙር እንዲዞሩ የተነደፉ ነበሩ። ለእንዲህ ያለው ተሽከርካሪ ማኅተምና ኩሽኔታ መሥራት ከባድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሉቶ ላንጋኖ የቆመው የእንፋሎት ምድር ኃይል ማመንጫ ከውሃ እንፋሎት ጎን ሌላ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ይጠቀም ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተበላሽቶ ቆመ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የማንጠግነውን ማሽን ማስመረቅ ይቻላል፤ ማኖር ግን አይቻልም። ስለዚህ መጀመር ያለብን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከለመደው ሞያ፣ ከማቀዝቀዣ ሞያ ነው። ኖርዌያዊው ጉስታቭ ሎረንትሰን በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን ጋዝ ለማቀዝቀዣ እንደገና ካነሣሣው ወዲህ፣ ጃፓንም ከ2001 ጀምሮ በዚሁ ጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ለየቤቱ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ፣ ኮምፕረሰሩም ቫልቩም ሙቀት ማስተላለፊያውም በገበያ የሚገኝ ዕቃ ሆኗል።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ከሁሉም ብርቱው ነው። «ሶላር ረክሷል፤ ሰሌዳውን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ መብራት ማብራት እየተቻለ ይኼ ሁሉ ቧንቧ ለምን?» ይላል። እውነቱን ነው! ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለመንደር ውሃ መሳቢያ ሶላር አሸንፏል። ለገበሬው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞተር እናምጣልህ የሚል ሰው ቢመጣ በር ላይ እንመልሰው። ነገር ግን ሁሉ ሥራ አምፖል ነው ያለው ማን ነው? ሱፍ የሚያጥበው፣ ጨርቅ የሚነክረው፣ ብቅል የሚዘፈዝፈው፣ የሆስፒታል አንሶላ የሚቀቅለው ሙቀት ይፈልጋል። የሶላር ሰሌዳ ከወደቀበት ፀሐይ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ለውጦ ለነፋስ ይሰጠዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሞተር የተረፈውን ሙቀት በቧንቧ ይዞ ያስረክባል። ጋዙ ከተርባይኑ ሲወጣ ገና ትኩስ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ እያሞቀ ይወርዳል፤ የቀረውን አየሩ ያቀዘቅዘዋል። የዚህ ሞተር ቦታ ሙቀትም፣ ጉልበትም፣ ብርድም አንድ ግቢ ውስጥ የሚፈለጉበት ነው።

እንዲህ ያለ ግቢ ከየት ይገኛል? እዚያው ደብረ ብርሃን! ብርድ ልብስ የሚሠራባት ከተማ ናት፤ ሱፍ ደግሞ ያለ ትኩስ ውሃ አይታጠብም። ቢራ የሚጠመቅባትም ከተማ ናት። ቢራ ሲጠመቅ ለብቅሉ ሙቀት፣ ለእርሾው ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፤ እርሾው ስኳሩን ሲበላ ደግሞ የሚተነፍሰው ምን መሰላችሁ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ! ሠራተኛው ከነቀለቡ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ፀሐዩ ከላይ፣ ውርጩ ከውጭ፣ ጋዙ ከጋን፣ የሙቀት ፈላጊው ከጎን። ይህን ሁሉ ትቶ በ32 ዲግሪ፣ በሌለ በረሃ፣ በሌለ ማብላያ ላይ መመረቂያ መጻፍ ምን ይባላል?

የደጋውንም ጉድለት አንደብቅም። መፈክር በመፈክር ለመተካት አልተነሣንም። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይቀላል። ስለዚህ ጋዙን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የበለጠ አየር መንዳት፣ ማቀዝቀዣውም ሰፋ ማለት አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሰማዩን ሲከድነው ጎባጣው መስታወት ሥራ ፈት ይሆናል፤ አሥራ ሦስት ወር ያለው መፈክር እንጂ ገበሬው አይደለም። ሌላም ቅራኔ አለ። ፀሐይ የምትበረታው በእኩለ ቀን ነው፤ አየሩ የሚበርደው ሌሊት ነው። ሙቀቱና ብርዱ በአንድ ሰዓት አይገናኙም። ይህን ቅራኔ ለመፍታት ግን ተአምር አያስፈልግም፤ ጋን ያስፈልጋል። ሌሊት የበረደ ውሃ በአንድ ጋን ይጠራቀም፤ በማግስቱ ጋዙን እሱ ያቀዝቅዘው። ቀን የሰበሰብነውም ሙቀት በሌላ ጋን ይቀመጥ፤ ማታ ሞተሩን እሱ ያንቀሳቅሰው። እናቶቻችን ውሃን በእንስራ አብርደው ሲያኖሩ የኖሩት በምን ሆነና?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እንጠይቃለን፤ ሦስቱም ከእጃችን አይርቁም።

በመጀመሪያ፣ ስለ ፀሐይ ሞተር የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ሞተሩ ይቆምበታል ያለውን ቦታ ሙቀት በየሰዓቱ፣ ዓመቱን ሙሉ ይዞ ይቅረብ። መዝገብ ከሌለ ቴርሞሜትር ይስቀል። 32 የምትለዋን ቁጥር መጻፍ የሚፈልግ ለምን እንደጻፋት በአንድ ገጽ ያስረዳ።

ሁለተኛ፣ «በመቶ» የሚባል ቁጥር ሲቀርብ ፓምፑና ማራገቢያው የበሉት ተቀንሶ የተጣራው ይቅረብ፤ የተለካውና የተገመተውም ተለይቶ ይጻፍ። ሳይለካ «ተገኘ» የሚል ሰው ገበያ ላይ በጎደለ ሚዛን እንደሚሸጥ ነጋዴ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ በቀላሉ ልንሠራው ከምንችለው ይጀመር። ቧንቧ፣ ጋን፣ ሙቀት ማስተላለፊያ፣ ፓምፕ። ጋዙን በፀሐይ አሙቀን፣ ውሃ አሙቀንበት፣ በደጋ ብርድ አፍስሰን፣ በፓምፕ መልሰን ማዞር እንቻል። በተርባይኑ ቦታ ለጊዜው ቫልቭ ይቀመጥ፤ የኪዮቶዎቹም እንዲያ ነው የጀመሩት፤ ቫልቭ መሆኑ ግን በጉልህ ይጻፍ። ዑደቱን አንድ ዓመት ያዞረና ያፈሰሰውን ማኅተም በገዛ እጁ የለወጠ ተማሪ፣ ተርባይኑ ሲመጣለት ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ያላዞረ ግን ሻጩ የነገረውን ይፈርማል።

ጉዳዩ የአንድ ጋዝ ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። ያለንን በሰው መዝገብ እየፈለግን፣ በሰው መዝገብ ውስጥ ያልተጻፈ ሲሆን የለንም ማለት ልማድ ሆኖብናል። ፀሐያችንን ያወቅናት እንኳ ለቱሪስት ስለተሸጠች ነው። ብርዳችንን ገዢ ስላልጠየቀው እኛም አልቆጠርነውም። ብርድ ልብስ ደርቦ የሚያድር ሕዝብ የብርዱን ዋጋ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የሚለካለት ምሁር አጥቶ ነው።

የሚቃወመን ካለ ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው። ሲመጣ ግን «ፀሐይ አለን» ብሎ አይጀምርልን፤ እሱን ሰምተናል። የሚናገርለት ቦታ አየር በእኩለ ቀንና በእኩለ ሌሊት ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለክቶ፣ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ።